እንዳይልሱት እሳት፣ እንዳይተውት ልጅ፦ የደመወዝ ቅነሳና የአብራሪዎች አድማ

ከ100 ብር ደመወዝ ላይ መጀመሪያ 32.5 በመቶ ይነሣ፤ ከተረፈው ላይ ደግሞ 14 በመቶ ይነሣ። እጅ ላይ የሚቀረው 58 ብር ነው። የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ አብራሪዎች የሰዓት ክፍያ ከ2004 መጨረሻ እስከ 2006 አጋማሽ የወረደው በዚሁ ስሌት ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ በኪሣራ ሕግ ጥላ ሥር ገብቶ ሁለተኛውን ቅነሳ ሊያጸና ሲነሣ የአብራሪዎቹ ማኅበር አባላቱን ለድምፅ ጠራ። በኤፕሪል 2006 ድምፅ ከሰጡት 94.7 በመቶው አድማ እንዲጠራ ፈቀዱ። ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ግን ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ በአድማ የቀረ በረራ አልነበረም።

ይህን ያህል የተቆጣ ሠራተኛ ለምን ሥራውን አላቆመም? ቢያቆምስ ያተርፍ ነበር ወይስ የበላበትን ወጪት ይሰብር ነበር? ጥያቄው ከዘጠና ዓመት በላይ ሲንከባለል የመጣ ነው። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የገንዘብ ይመስላል፤ ሥር ሥሩን ሲሄዱ ግን የምስክር ጉዳይ ነው። አየር መንገዱ «ልሞት ነው» ሲል እውነት መሆኑን ማን ይመሰክራል? ከዳነ በኋላስ የተወሰደውን ማን ያስመልሳል?

መነሻው፦ ቺካጎ፣ 1932

የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪዎች ማኅበር በ1931 ተመሠረተ፤ ፈተናው የመጣው በዓመቱ ነው። የመኪና ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ኢ. ኤል. ኮርድ ቺካጎ ላይ ሴንቸሪ የተባለ አየር መንገድ ነበረው። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነውና ሥራ ፈላጊ አብራሪ ሞልቷል ብሎ የአብራሪዎቹን ደመወዝ ክፉኛ ሊቆርጥ ተነሣ። እነሱ እምቢ ሲሉ በሩን ዘጋባቸው፣ ሌሎችንም በቦታቸው አስገባ። ማኅበሩ ጉዳዩን ይዞ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ምክር ቤት ሄደ። ኮርድ የመንግሥት የፖስታ ማመላለሻ ውል ይፈልግ ስለነበር እንደራሴው ፊዮሬሎ ላጓርዲያና ሌሎች ከአብራሪዎቹ ጎን ሲቆሙ መንገዱ ጠበበበት፤ አየር መንገዱንም በዚያው ዓመት ሸጠ። አውሮፕላኖቹ በሌላ እጅ ይበሩ ነበር፤ ውጤቱን የወሰነው ፖለቲካው ነው።

ሁለት ነገሮች ተከተሉ። በ1934 የብሔራዊ ሥራ ቦርድ «ውሳኔ 83» በሚባለው ብይኑ የአብራሪን ክፍያ ከሚበርበት ሰዓትና ከአውሮፕላኑ ፍጥነት ጋር አያያዘ። አውሮፕላን በፈጠነና በገዘፈ ቁጥር አብራሪው ከትርፉ ድርሻ ይኑረው የሚለው ሐሳብ በዚህ ተተከለ። በ1936 ደግሞ የባቡር ሠራተኞች ሕግ ወደ አየር መንገዶች ተዘረጋ፤ አድማ ከመደረጉ በፊት ረጅም የሽምግልና ደጅ መጥናት ግዴታ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለዐሠርት ዓመታት የነበረው ጠብ በአመዛኙ የጭማሪ ጠብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገበት በ1946፣ ለምሥረታው አጋር የነበረው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. በአብራሪዎቹ አድማ ቆሞ ነበር። ምክንያቱ በአዲሶቹ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች የሚከፈለው ዋጋ ነው። በዚያ ዘመን የቲኬት ዋጋን መንግሥት ይወስን ስለነበር የደመወዝ ወጪው ዞሮ ዞሮ ተሳፋሪው ላይ ያርፍ ነበር። በ1978 ገበያው ሲለቀቅ ይህ መሸሸጊያ ፈረሰ። በርካሽ ደመወዝ የሚበሩ አዳዲስ ድርጅቶች መጡ፤ «ቀንሱልን» የሚለውም ጥያቄ ከአስተዳደር ወደ ሠራተኛ ይመጣ ጀመር።

«ቅነሳ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በጋዜጣ ርዕስ ላይ «የደመወዝ ቅነሳ» ተብሎ የሚጠቀለለው ነገር ውስጡ ቢያንስ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የሰዓት ክፍያው ራሱ ነው። ሁሉም ያየዋል፤ በመቶኛ ይነገራል። ሁለተኛው የሥራ ደንብ ነው። አብራሪ በአብዛኛው የሚከፈለው አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ተነሥቶ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ባለው ሰዓት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት በርሮ፣ አራት ሰዓት ተርሚናል ውስጥ ተቀምጦ፣ ማታ ሁለት ሰዓት የሚበር ካፒቴን ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ ውሏል፤ የሚቆጠርለት ግን አራት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ለማካካስ የኅብረት ስምምነቶች ዝቅተኛ የቀን ክፍያ ያስቀምጣሉ። አስተዳደሩ የሰዓቱን ዋጋ ሳይነካ ይህችን አንቀጽ ብቻ ቢያነሣ የወሩ ገቢ ይወርዳል፤ በዜና ላይ ግን አይታይም።

ሦስተኛው ጡረታ ነው፤ ይህ ከሁለቱ በባሕርይው ይለያል። ደመወዝ የተቀነሰበት ሰው ነገ ሊጨመርለት ይችላል። ጡረታው የፈረሰበት ግን ዕድሜውን የሚመልስለት የለም። በ2005 ዩናይትድ አየር መንገድ፣ በ2006 ዴልታ የአብራሪዎቻቸውን የጡረታ ዕቅድ አፍርሰው ለመንግሥታዊው የጡረታ ዋስትና ድርጅት አስረከቡ። ዋስትናው ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ደግሞ ከ65 ዓመት በፊት ለሚወጣ ሰው ዝቅ ይላል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ ግን እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ የአየር መንገድ አብራሪ በ60 ዓመቱ እንዲያርፍ ያስገድድ ነበር። አንዱ ሕግ ውጣ ይለዋል፣ ሌላው ለምን ቀድመህ ወጣህ ብሎ ይቀጣዋል።

በዚህ ላይ የጊዜው ልዩነት ይጨመራል። ወረርሽኝ ወይም ጦርነት ሲመጣ ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ድርጅት የሚጠይቀው ቅነሳ፣ «ተፎካካሪዬ ከእኔ በርካሽ ይበራል» ብሎ የወጪ መዋቅሩን ሊለውጥ ከሚጠይቀው ጋር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ማብቂያ ቀን ሊቆረጥለት ይችላል። ሁለተኛው በጠባዩ ቋሚ ነው። ብዙው ጠብ የሚነሣው ሁለተኛው በመጀመሪያው ልብስ ተሸፍኖ ሲመጣ ነው።

አብራሪው ለምን ጥሎ አይሄድም?

ደመወዙ የተቀነሰበት ሐኪም ወይም መሐንዲስ ልምዱን ይዞ ሌላ ዘንድ ይቀጠራል። በአሜሪካና በብዙ ትልልቅ አየር መንገዶች አብራሪው እንዲህ ማድረግ አይችልም። ምክንያቱ የሲኒየሪቲ ዝርዝር ነው። ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው ተራው ይወስናል፦ የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበርር፣ በግራ በካፒቴኑ ወይስ በቀኝ በረዳቱ ወንበር እንደሚቀመጥ፣ በዓልን ቤቱ ይዋል ወይስ አየር ላይ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ካፒቴን ጎረቤት አየር መንገድ ቢገባ ከዝርዝሩ ግርጌ ይጻፋል፤ በቀኝ ወንበር፣ በጀማሪ ክፍያ፣ ስልክ እስኪደወልለት በሚጠብቅ ተጠባባቂነት ይጀምራል። ሲኒየሪቲ በአንድ ድርጅት ውስጥ ብቻ የሚሠራ ገንዘብ ነው።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። የአብራሪው ነገር ይኸው ነው። ድርጅቱ ከሞተ ተራው አብሮ ይሞታል፤ ስለዚህ ቅነሳውን ለመቀበል ከማንም ይልቅ ምክንያት አለው። ጥሎ መሄድ ስለማይችል ደግሞ በእጁ ያለው መሣሪያ አድማ ብቻ ነው። የሚያስታግሠውም የሚያስነሣውም ያው አንድ ዝርዝር ነው።

ሦስት አቋሞች

የአስተዳደሮች አቋም በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ የነዳጅን ዋጋ ገበያ፣ የአውሮፕላንን ኪራይ ውል፣ የማረፊያን ክፍያ ኤርፖርት ይወስናል። በድርድር ሊለወጥ የሚችለው ትልቁ ወጪ የሠራተኛ ነው፤ ከሠራተኛም በነፍስ ወከፍ ከፍተኛውን የሚወስደው አብራሪው ነው። ዛሬ ጥቂት መቁረጥ ነገ ሁሉን ከማጣት ይሻላል። አድማ ደግሞ በታመመ ድርጅት ላይ የሚወረወር ድንጋይ ነው፤ ዛሬ ባዶውን የቀረ ወንበር ነገ አይሸጥም፣ የሸሸ ተሳፋሪም ላይመለስ ይችላል።

የአድማ ደጋፊዎች መልስ ከእኛው ተረት ጋር ይገጥማል፦ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። በቀላሉ የሰጠ ሁለተኛ ይጠየቃል። የዴልታ አብራሪዎች በ2004 በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ቅናሽ የሰጡት ድርጅቱ ከኪሣራ እንዲድን ነበር፤ በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 2005፣ ድርጅቱ ኪሣራ ውስጥ ገባ፣ ዳግመኛም ጠየቀ። «አሜሪካን» የተባለው አየር መንገድ ጉዳይ ሌላው ማስረጃቸው ነው። በ2003 ሠራተኞቹ በዓመት 1.8 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዚህም አብራሪዎቹ ብቻ 660 ሚሊዮን፣ ሊለቁ ተስማሙ። ድምፁ በተሰጠበት ሰሞን አስተዳደሩ ለከፍተኛ ሹማምንቱ የማቆያ ጉርሻና ከኪሣራ የተጠበቀ የጡረታ ገንዘብ ማዘጋጀቱ ተሰማ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዶናልድ ካርቲ በዚያው ወር ለቀቀ። ቅናሹ ግን ጸና።

ሦስተኛው አቋም «ስጥ፣ ግን በምትኩ ተቀበል» የሚል ነው። ዝነኛው ሙከራ የዩናይትድ ነው። በ1994 አብራሪዎቹና ሜካኒኮቹ ከሌሎች ጋር ሆነው 4.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ቅናሽ ሰጥተው የድርጅቱን 55 በመቶ አክሲዮን ወሰዱ። በ2002 ዲሴምበር ድርጅቱ ሲከሥር አክሲዮኑ ወረቀት ሆነ። ከዚህ የተማሩት የዴልታ አብራሪዎች በ2006 ሌላ መንገድ ሄዱ። አስተዳደሩ በዓመት 325 ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቅ 280 ሚሊዮን ላይ ቆረጡ፤ ለቅናሹና ለሚፈርሰው ጡረታቸው ደግሞ በኪሣራው መዝገብ ላይ የ2.1 ቢሊዮን ዶላር የባለገንዘብነት ጥያቄና የ650 ሚሊዮን ዶላር የዕዳ ሰነድ አስጻፉ። በዩናይትድ ሠራተኛው ባለቤት ሆኖ ነበር፤ በዴልታ አበዳሪ ሆነ። ድርጅት ሲከሥር ደግሞ አበዳሪ ከባለቤት በፊት ይቀርባል።

ማስረጃው ምን ይላል?

አድማ ተደርጎ የታየባቸውን ጉዳዮች ጎን ለጎን ስናይ አንድ ወጥ ፍርድ አናገኝም፤ ሁኔታዎቹን ግን መለየት ይቻላል።

ኮንቲኔንታል አየር መንገድ በ1983 የማስጠንቀቂያው ምሳሌ ነው። አለቃው ፍራንክ ሎሬንዞ ድርጅቱን በሴፕቴምበር ኪሣራ ውስጥ አስገብቶ የኅብረት ስምምነቶቹን ቀደደ፤ የአብራሪዎችን ክፍያ በግማሽ ገደማ ቆርጦ በቀናት ውስጥ በረራ ጀመረ። አብራሪዎቹ በኦክቶበር 1 አድማ መቱ። ብራኒፍ የተባለው አየር መንገድ በ1982 ስለወደቀ ሥራ ያጣ አብራሪ ገበያውን ሞልቶት ነበር፤ ከአድመኞቹም ብዙዎች የአድማውን መስመር አቋርጠው ወደ ሥራ ገቡ። አድማው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ያለ ድል አለቀ።

በ1985 የዩናይትድ አብራሪዎች ለ29 ቀን ሲያድሙ ውጤቱ ተለየ። ጠቡ አዲስ ተቀጣሪ በዝቅተኛ መሰላል ይከፈለው በሚለው የሁለት እርከን ክፍያ ላይ ነበር። መስመር ያቋረጡት ጥቂት ስለነበሩ ድርጅቱ ሊበር አልቻለም፤ የሁለተኛው እርከን ዘመን በጊዜ ተገደበ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ዩናይትድ አልከሠረም ነበር፣ በድርጅቱም ውስጥ አንድነት ነበር።

ኢስተርን አየር መንገድ የሁሉም ወገን ጥቅስ ነው። በማርች 1989 ሜካኒኮቹ ቅናሽ አንሰጥም ብለው ሲያድሙ አብራሪዎቹ ተከተሏቸው። በኖቬምበር አብራሪዎቹ ቢመለሱም ድርጅቱ በጃንዋሪ 1991 ተዘጋ። አስተዳደሮች «አድማ ድርጅት ይገድላል» ይሉበታል። ማኅበራት ደግሞ ባለቤቱ ያው ሎሬንዞ መሆኑን፣ ከአድማው በፊትም የድርጅቱ ንብረት እየተሸጠ እንደነበር ያስታውሳሉ። አንዱን ምክንያት ከሌላው ነጥሎ መመዘን እስካሁን አልተቻለም።

የቅርቡ ምሳሌ የስካንዲኔቪያው ኤስ.ኤ.ኤስ. ነው። አድማው በጁላይ 4 ቀን 2022 ተጀመረ፤ ድርጅቱ በማግሥቱ ኒው ዮርክ ላይ የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ከ15 ቀን በኋላ ሲስማሙ አብራሪዎቹ የክፍያና የሥራ ሰዓት ለውጥ ተቀበሉ፤ በወረርሽኙ የተቀነሱ ባልደረቦቻቸውም ወደ ሥራ እንዲመለሱ አስፈረሙ። ገንዘብ ሰጥተው ወንበር ገዙ ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የኬንያ አየር መንገድ አብራሪዎች ያደሙት በኮቪድ ጊዜ የተቋረጠው የጡረታ ቁጠባ መዋጮ እንዲመለስ ነበር። «ጊዜያዊ» የተባለው ቅነሳ ዘመኑ መቼ ያልቃል የሚለው ጥያቄ አድማ ሆኖ ወጣ፤ በቀናት ውስጥም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመለሱ።

ከነዚህ ሁሉ የሚወጣው ንድፍ ይህን ይመስላል። አድማ የሚሠራው ተተኪ አብራሪ ሲጠፋ፣ መስመር የሚያቋርጥ ሲያንስና ድርጅቱ የሚያጣው ነገር ሲኖረው ነው። የቅናሽ ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ተቃራኒው ሲሆን ነው፦ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሥራ ፈት አብራሪ ሲበዛ፣ ካዝናው ሲራቆት። መሣሪያው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት ስለቱ ይደነዝዛል።

ሕጉ፦ ማን ይፈቅዳል፣ ማን ይከለክላል?

በአሜሪካ የአየር መንገድ የኅብረት ስምምነት ቀኑ ሲደርስ አያልቅም፤ ለድርድር ይከፈታል እንጂ አሮጌው ይሠራል። አደራዳሪው ቦርድ ተስፋ ቆርጦ ካላሰናበታቸው፣ ከዚያም የ30 ቀን ማብረጃ ጊዜ ካላለፈ አድማ የለም። ፕሬዚዳንቱም ሊገባ ይችላል፤ በ1997 የ«አሜሪካን» አየር መንገድ አብራሪዎች አድማ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ቢል ክሊንተን አስቁሞታል።

የኪሣራ ሕጉ ይህን ሥርዓት ያፋልሰዋል። ከኮንቲኔንታል በኋላ፣ በ1984፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አሠሪ የኅብረት ስምምነትን በገዛ ፈቃዱ እንዳይቀድ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ አስፈላጊነቱን እንዲያስረዳ ደነገገ። ዳኛው ስምምነቱን ከሰረዘ በኋላ ሠራተኛው ማደም ይችላል ወይ? በዴልታ ማኅበሩ «ውል ከሌለ የሚያስረን ነገር የለም» ሲል አስተዳደሩ «አድማው ሕገ ወጥ ነው» ይል ነበር። ስምምነት ስለመጣ ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። በ2007 ግን የኒው ዮርኩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኖርዝዌስት አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆች ጉዳይ ማደም አይችሉም ብሎ ወሰነ። ተቺዎቹ ይህን አንዱ ወገን ከውሉ ሲፈታ ሌላው እንደታሰረ የሚቀርበት ሚዛን ይሉታል።

ከአሜሪካ ውጭ ልዩነቱ ይሰፋል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የአየር ትራንስፖርትን ከመብራት፣ ከውኃና ከሆስፒታል ጋር እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት የሕዝብ አገልግሎቶች መድቦ በዚያ የሥራ ማቆም መብት እንዳይሠራ ያደርጋል፤ የደመወዝ ክርክር ወደ ቦርድ ይመራል። የዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ በበኩሉ የአየር ትራፊክ ቁጥጥርን እጅግ አስፈላጊ ሲል የአየር መንገድ አብራሪዎችን ሥራ ግን ከዚያ ጠባብ ትርጉም ያወጣል። ኢትዮጵያውያንም በሚሠሩበት ባሕረ ሰላጤ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ የሠራተኛ ማኅበር የለም። ኤምሬትስ በ2020 ከ25 እስከ 50 በመቶ መነሻ ደመወዝ ለወራት ሲቀንስ የተደራደረው ማኅበር አልነበረም።

አድማ አለመኖሩ ጠቡን ያጠፋዋል ማለት አይደለም። በሆንግ ኮንግ ካቴይ ፓሲፊክ በ2020 አብራሪዎቹን በቋሚነት የተቀነሰ ውል አስፈረመ፤ አድማ አልተደረገም። ብዙዎች ግን ከጊዜ በኋላ ለቀቁ። በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ድርጅቱ በቂ ተጠባባቂ አብራሪ አጥቶ በረራ ሲሰርዝ ነበር።

ያልተቋጩ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው የምስክርነት ነው። ማኅበራት የራሳቸውን የሒሳብ ባለሙያ ቀጥረው የድርጅቱን መዝገብ ያስመረምራሉ፤ መዝገቡ ግን ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን የነዳጅ ዋጋ አይናገርም። አስተዳደሩ ሳይዋሽም ሊሳሳት ይችላል። የዴልታ የ2004 ተስፋ በዓመቱ የፈረሰው ዋሽተው ይሁን ተሳስተው የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ ለከፈለው አብራሪ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው የማስመለሻ አንቀጽ ነው። «ድርጅቱ ሲያገግም ክፍያው ይመለሳል» የሚል ቃል በማን መለኪያ? በትርፍ ከሆነ ትርፍን የሚያሰላው አስተዳደሩ ነው። በቀን ከሆነ ቀኑ ሲደርስ ድርጅቱ ገና ታምሞ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በአብራሪዎች መካከል ያለው ነው። የ58 ዓመቱ ካፒቴን ጡረታውን፣ የ30 ዓመቱ ረዳት ወንበሩን ያስቀድማል። በዴልታ ከኪሣራው በፊት ብዙ አንጋፋዎች የጡረታቸውን ግማሽ በአንድ ጊዜ ይዘው ለመውጣት ቀድመው አረፉ። ማኅበሩ «አብራሪው» ሲል የትኛውን ማለቱ ነው?

በመጨረሻ ወደ ስሌቱ እንመለስ። 100 የነበረውን ወደ 58 ለማውረድ 42 በመቶ መቀነስ ይበቃል፤ 58ን ወደ 100 ለመመለስ ግን 72 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል። ዴልታ ከኪሣራ ወጥቶ፣ ከኖርዝዌስት ጋር ተዋሕዶ፣ አትራፊ ሆነ። በ2023 መጀመሪያ፣ አብራሪ ባጠረበት ገበያና ሌላ የአድማ ፈቃድ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ፣ ማኅበሩ በአራት ዓመት እስከ 34 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ አስፈረመ። በኪሣራው ጊዜ የ30 ዓመት ረዳት የነበረው ዛሬ በግራ ወንበር ተቀምጦ ይህን ይበላል። በ2006 60 ዓመት የሞላው ካፒቴን ግን ሕጉ ባዘዘው ቀን ኮፍያውን ሰቅሎ ወጥቷል፤ ጭማሪው ሲመጣ ስሙ በዝርዝሩ ላይ አልነበረም።